ስለ ተዋንያን በኳስ ቤት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ ኳስ የሚታይበት ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቷል። ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወሬው ስለ ኳስ አይደለም። ስለ ፊልም ነው። ፒያሳ አካባቢ እኔ በምገባበት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የአርሴና የማንቼ (የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ ተዋንያን ይከራከራል። ማን ይበልጣል? ማን የማይሆን ፊልም መርጦ ተበላሸ? ማን በጊዜው ማቆም ነበረበት?

ክርክሩን እወደዋለሁ። ግን ተዋናይን እንደ ተጫዋች በዋንጫና በዝውውር ስንመዝነው ብዙ ሰው እንበድላለን። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። የውጪዎቹን ሰዎች ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«ኦስካር ያልወሰደ ምን ተዋናይ ነው?»

ይህን አጥብቆ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የአርሴ ደጋፊ ነው። የአርሴው ቴሪ ሄንሪ ግን ባሎን ዶርን፣ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ወስዶ አያውቅም። በ2003 ሁለተኛ ወጣ፣ አበቃ። በዚህ ምክንያት ሄንሪ ትንሽ ተጫዋች ነው የሚል ሰው ግን እዚያ ቤት ውስጥ የለም።

ኦስካርም እንደዚያው የድምፅ ውጤት ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ አባላት ይመርጣሉ። ጎል አይቆጠርበትም። ፒተር ኦቱል 8 ጊዜ ታጭቶ አንዱንም አላሸነፈም። በ2003 የክብር ሽልማት ተሰጠው እንጂ። ታይታኒክ 11 ኦስካር ሲወስድ ዲካፕሪዮ እጩ እንኳን አልነበረም። እሱ የመጀመሪያውን የወሰደው በ2016 ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት ችሎታው የት ሄዶ ነበር? የትም አልሄደም።

«ሾን ኮነሪ ማንቼን እምቢ ያለው ተሳስቶ ነው»

ታሪኩን ላላወቀ፦ በ1953 ኮነሪ ከአንድ የሙዚቃ ቲያትር ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። የቲያትሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አሰልጣኙ ማት ቡዝቢ አየውና ለማንቸስተር ዩናይትድ ፈለገው። ይህን የተረከው ኮነሪ ራሱ ነው። ልጁ ኳስ ይወዳል። ግን 23 ዓመቱ ነው፤ ተጫዋች ደግሞ 30 ሲደፍን ማብቂያው ነው። ትወናውን መረጠ።

የማንቼ ወንድሞቼ «ቡዝቢ ጠርቶህ እንዴት ትቀራለህ?» ይላሉ። የሚያስቡት የዛሬውን ደመወዝ ነው። ያኔ በእንግሊዝ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው። በ1961 ጣሪያው ሲነሳ እንኳን በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። በ1962 ኮነሪ ጄምስ ቦንድ ሆኖ ብቅ አለ። ኦስካር የወሰደው ደግሞ በ1988፣ በ57 ዓመቱ ነው። ተጫዋች በዚያ ዕድሜ ጉልበቱን እያሸ ወጣቶቹን ይመለከታል። ተዋናይን ግን ዕድሜ አዲስ ገጸ ባሕርይ ይሰጠዋል። ሁለቱን ሙያ በአንድ ሰዓት መለካት የማይሆነው ለዚህ ነው።

«የማንቼው ካንቶና በስሙ ብቻ ነው ፊልም የገባው» የሚልም አለ። ስሙ በር ከፍቶለታል፣ እውነት ነው። በ1997 በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቅሎ በማግስቱ ዓመት ፊልም ላይ ታየ። ግን በ2009 ኬን ሎች የመሰለ ዳይሬክተር አብሮት ሠርቷል። ስም ብቻውን እስከዚያ አያደርስም።

«ዊል ስሚዝ ማትሪክስን እምቢ ብሎ ራሱን ገደለ»

እምቢ ማለቱ ልክ ነው። በምትኩ የሠራው ፊልም በዚያው በ1999 ወጥቶ አልተሳካም። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛችን ይህን «ባርሳን ጥሎ ሁለተኛ ዲቪዚዮን እንደመውረድ» ይለዋል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተታችን። ባርሳ አለ። ሜዳው፣ አሰልጣኙ፣ ዋንጫው ሁሉ ይታያል። ተዋናይ ግን እሺ ወይም እምቢ ሲል ፊልሙ ገና አልተወለደም። በእጁ ያለው ወረቀት ነው። ማን እንደሚቀርጸው፣ ማን አብሮት እንደሚጫወት፣ ተቆራርጦ ሲገጣጠም ምን እንደሚወጣው ማንም አያውቅም። እኛ ውጤቱን አይተን ወደ ኋላ እንፈርዳለን። ስሚዝ ራሱ በ2019 ጉዳዩን ሲያነሳ፣ እኔ ብሠራው ኖሮ አበላሸው ነበር ብሏል። አምነዋለሁ፤ ያ ሚና የኪያኑ ሪቭስ ዝምታ ያስፈልገው ነበር። ስሚዝም ሁለት ዓመት ቆይቶ መሐመድ አሊን ተጫውቶ ለኦስካር ታጨ። የሞተ ሰው እንዲህ አያደርግም።

«ሁሉም የሚያየው ብሩን ነው» ለሚሉ ደግሞ ማቲው መኮናሄን ላንሳ። የፍቅር ኮሜዲ ሰልችቶት አንዱን በ14.5 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቁት እምቢ አለ። ከዚያ ወደ 20 ወር ያህል ሥራ አጥቶ ተቀመጠ። ከቡድኑ ጋር ተጣልቶ አንድ ሲዝን ተኩል ተመልካች ወንበር ላይ የዋለ አጥቂ አስቡ። በ2014 ግን ኦስካሩን ያዘ። ኒኮላስ ኬጅ በተቃራኒው ዕዳ ነበረበት። ከስሬያለሁ ብሎ ከማምለጥ ይልቅ የመጣለትን ፊልም እየሠራ ከፈለ። ይህን ሰው «ወረደ» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

«የሀገራችን ተዋናይ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው»

ይህኛው ያመኛል። ሁሌ ሀብታም አባት፣ ሁሌ አፍቃሪ፣ ሁሌ አጭበርባሪ እንላለን። ምርጫ እኮ የሚኖረው አማራጭ ሲኖር ነው። መኮናሄ 20 ወር መቀመጥ የቻለው የሚቀመጥበት ገንዘብ ስላለው ነው። የእኛው ሰው ሁለት ፊልም እምቢ ካለ የቤት ኪራይ እምቢ አለ ማለት ነው። አንድ የፍቅር ኮሜዲ አዳራሽ ከሞላ ደግሞ ሁሉም ፕሮዲውሰር ያንኑ ያዛል። አጥቂውን ዓመቱን ሙሉ ተከላካይ አድርጎ እያሰለፈ «ጎል አያገባም» የሚል አሰልጣኝ ቢኖር ቀድመን የምንጮኸው እኛ ነን።

ችሎታው እንዳልጠፋ የሚያሳይ ታሪክም አለን። ደበበ እሸቱ በፈረንጅ 1973 በወጣ የአሜሪካ ፊልም ላይ ተጫውቷል። ፍቃዱ ተክለማርያም በመድረክም በፊልምም በሬዲዮ ትረካም የተዋጣለት ሰው ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ይኸንኑ ክርክር አነሳ። ሐዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያዩ አንድ ጋሼ አሉ። ብዙም አይናገሩም። የዚያን ቀን ግን ወደ ልጁ ዞሩና «ወጋየሁ ንጋቱን ሰምተኸው ታውቃለህ?» አሉት። አልሰማም። በእረፍት ሰዓት ስልኩ ላይ ወጋየሁ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» አወጡለት። ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሰማ። በዛብህ ተናገረ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ተቆጡ፣ ጉዱ ካሳ መለሰ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ልጁ ገና አልነቀለውም ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ሰው ነው?» አለ።