በፒኤችፒ (በድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው) ቀንና ሰዓት ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንድ ቀን ምንጊዜም 86,400 ሰከንድ ነው»

ብዙ ጊዜ ስለሚሠራ ነው አሳሳች የሚሆነው። ሰዓታቸውን በየወቅቱ በሚቀይሩ አገሮች ግን በዓመት አንዱ ቀን 23፣ ሌላው 25 ሰዓት ይረዝማል። ኒውዮርክ ውስጥ ማርች 9 ቀን 2025 ሌሊት ሰዓቱ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ከ2:00 ወደ 3:00 ዘሏል። በዚያ ሰዓት ክልል ማርች 8፣ 23:30 ላይ 86,400 ብትደምሩ የምታገኙት ማርች 10፣ 00:30 ነው። ማርች 9 ጭራሽ የለም! በየቀኑ መውጣት ያለበት ሪፖርት አንድ ቀን የሚዘለው እንዲህ ነው። ሰከንድ መደመሩን ትታችሁ ቀንና ሰዓትን ለሚይዘው ለዴትታይም «+1 ደይ» (አንድ ቀን ጨምር) በሉት፤ ማርች 9፣ 23:30ን ይሰጣችኋል።

«+1 መንዝ (አንድ ወር ጨምር) ወደሚቀጥለው ወር ያሻግራል»

ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ተነስታችሁ ሞክሩት፤ ማርች 3 ይወጣል። ፒኤችፒ መጀመሪያ የወሩን ቁጥር ብቻ ስለሚጨምር ፌብሩዋሪ 31 ላይ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ትርፉን 3 ቀን ወደ ማርች ያሻግረዋል። የወር መጨረሻ ከፈለጋችሁ «ላስት ደይ ኦፍ ኔክስት መንዝ» ብላችሁ ጻፉ።

«05/04/2025 እና 05-04-2025 አንድ ናቸው»

ጽሑፍን ወደ ቀን የሚለውጠው ስትርቱታይም በእዝባሩ የተጻፈውን ሜይ 4፣ በሰረዙ የተጻፈውን ኤፕሪል 5 ብሎ ያነባል። ስህተት መኖሩንም አይነግራችሁም። ተጠቃሚ የሚሞላውን ቀን ሁልጊዜ ፎርማቱን ራሳችሁ በምትነግሩት በክሪኤትፍሮምፎርማት አንብቡ። ሁለት ነገር አትርሱ፦ ሰዓት የሌለው ፎርማት መጀመሪያ ላይ ቃለ አጋኖ (!) ካላደረጋችሁ የአሁኑን ሰዓት ይሞላበታል፤ ፌብሩዋሪ 31ንም ዝም ብሎ ወደ ማርች ስለሚያሻግር የንባቡን ስህተቶች በሚዘረዝረው በጌትላስትኤረርስ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ፈትሹ።

«ዴትታይምን ለሌላ ቫሪያብል ከሰጠሁ ቅጂ ይኖረኛል»

አይኖራችሁም፤ ሁለቱም ያው ዕቃ ናቸው፣ አንዱን ስትቀይሩ ሌላውም ይቀየራል። ከፒኤችፒ 5.5 ጀምሮ ያለውን፣ ራሱ የማይለወጠውን ዴትታይምኢሚዩተብል ተጠቀሙ። የሚመልሰውን አዲስ ዋጋ ግን መያዝ አለባችሁ።

«ሁሉንም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ማስቀመጥ ይበቃል»

ላለፈ ነገር፣ ለምሳሌ ለክፍያ ወይም ለሎግ፣ አዎ። ለወደፊት ቀጠሮ ግን አይበቃም። መንግሥታት የሰዓት ሕጋቸውን ይለውጣሉ፤ ቀጠሮ የያዘው ሰው ደግሞ ያሰበው በአካባቢው 9:00 ላይ ነው። ስለዚህ የአካባቢውን ሰዓት ከነዞኑ ስም፣ «ዩሮፕ/ፓሪስ» ብላችሁ አስቀምጡ። «+01:00» ብቻ ከሆነ ክረምትና በጋን አይለይም፤ ፓሪስ በአውሮፓ በጋ (በሰመር) +02:00 ናት። የዞኖቹ ሕግ ዝርዝር በአብዛኛው ከፒኤችፒው ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ያረጀ ቅጂ የሚሠራ ሰርቨር አዲሱን ሕግ አያውቀውም፤ አድሱት።