ኤ.ቲ ጎማ ምንድን ነው?

ፒክ አፕ ያለው ሰው ጎማ ሊቀይር ሲያስብ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ጥርሱ ባገጠጠው ጎማ ላይ ነው። እውነት ለመናገር ያምራል። መኪናውን ጎረምሳ ያስመስለዋል። ለብዙዎቻችን የሚበጀው ግን ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ኤ.ቲ የሚባለው ጎማ ነው።

ኤ.ቲ «ኦል ቴሬይን» ለሚለው ምህጻር ነው። ለአስፋልትም፣ ለኮረኮንችም፣ ለመጠነኛ ጭቃም ተብሎ የተሠራ ጎማ ማለት ነው። በአንድ ወገኑ የአስፋልቱ ጎማ ኤች.ቲ አለ፣ በሌላው ወገን የጭቃው ኤም.ቲ። ሦስቱን በዋናነት የሚለያቸው በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የኤች.ቲ ጥርስ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ በዝናብም ጥሩ ይይዛል። የኤም.ቲ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ኤ.ቲ መሀል ላይ ነው። ጥርሶቹ የተቀራረቡ ናቸው፤ ላያቸው ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ እንዲይዝ ይረዱታል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ገጠር የሚወጣ ፒክ አፕ አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው አስፋልትና ኮረኮንች ላይ ነው። ጭቃው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁራጭ መንገድ ናት። ለእሷ ሲባል ሙሉውን መንገድ በኤም.ቲ መሄድ አያዋጣም።

ዋልካ አፈር ላይ የሚኖር ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የበቾን ወይም የፎገራን ሜዳ በክረምት ያየ ያውቀዋል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ሙልጭ ያደርገዋል። ኤ.ቲ እዚህ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ኤም.ቲ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ዋልካ በደንብ ከራሰ ትራክተርም ይይዛል። ሥራችሁ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ከሆነ ጩኸቱን ቻሉትና ኤም.ቲ ግዙ።

አፋር ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የላቫ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ጥርሱ ሳይሆን የጎማው ጎን ነው። ጥርሱ ላይ ሚስማር የበላ ጎማ ጎሚስታ ጋር ሄዶ ይጠገናል። ጎኑ የተቀደደ ግን አለቀለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንድ ዓይነት ጥርስ ያላቸው ሁለት ኤ.ቲ ጎማዎች አካላቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። አንዱ ለቤት መኪና የተሠራ፣ ጎኑ ስስ ነው። ሌላው ኤል.ቲ፣ ማለትም ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ፣ ጎኑ ወፍራም ነው። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጥርሱን ከማየታችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

«10 ፕላይ» የሚባለውም ይኼው የጥንካሬ መለኪያ ነው። አሥር ድርብ አለው ማለት አይደለም። ጎማ በጥጥ ድር ይሠራ ከነበረበት ዘመን የቀረ አቆጣጠር ነው። በነገራችን ላይ 10 ፕላይ ለሁሉም አይሆንም። ከባድ ነው፤ ባዶ መኪና ላይ ሲታሰር ያንገጫግጫል። ጭነት ለማትጭኑ 6 ወይም 8 ፕላይ ይበቃል።

«ሰፊ ጎማ ሁሌ ይሻላል» የሚባለውንም በጥርጣሬ እዩት። የሥራ ላንድክሩዘሮች ለረጅም ዘመን ያሰሩት 7.50አር16 ጠባብ ጎማ ነው። ላዩ ጭቃ ሥሩ ጠንካራ በሆነ መንገድ ላይ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ያገኛል። ሰፊው የሚያሸንፈው አሸዋ ላይ ነው።

መጠኑን ባትቀይሩ ይመረጣል። 265/65አር17 ማለት ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። 65ቱን ወደ 70 ብታሳድጉት መኪናው 1.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ 103 ገደማ እየሄዳችሁ ነው። መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።

ጎማው ምንም ቢሆን ንፋሱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚሞላ ጎማ ለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ 18 ገደማ ይወርዳል። ንፋሱ ሲቀንስ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ መኪናው መስመጡን ይተዋል። ስለታም ድንጋይ ላይ ግን ያን ያህል አታውርዱት፣ ጎኑን ለድንጋዩ ትሰጡታላችሁ። ፍጥነት ቀንሱ። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊትም መልሳችሁ ሙሉ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል።

ስትገዙ የተሠራበትንም ቀን እዩ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 3018 ቢል በፈረንጆች 2018 ዓ.ም 30ኛው ሳምንት ላይ፣ በእኛ ሐምሌ 2010 የተሠራ ነው። 18ቱን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ያረጀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ይዞ ይሄዳል። ስኮርታዋንም፣ ማለትም ትርፍ ጎማዋን፣ አትርሱ። ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር የመጣች፣ ከሥር ተንጠልጥላ የደረቀች ናት። መጠኗ ደግሞ ከአራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት።