«ማህፀኗ ይጎዳል» እና ሌሎች ከሜዳ ዳር የሚሰሙ ነገሮች

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈራችን ሜዳ ጭቃ ይሆናል፤ የእኛም ውድድር ያኔ ይጀመራል። ሌላው ዓለም በፀሐይ የሚያካሂደውን የዕረፍት ጊዜ ውድድር እኛ በዝናብ ነው የምንጫወተው፤ ልጆቹ ከትምህርት የሚያርፉት ክረምት ላይ ነዋ። ላለፉት አምስት ክረምቶች ከ15 ዓመት በታች የሴት ልጆችን የእግር ኳስ ቡድን በረዳት አሰልጣኝነት ሳግዝ ከዳኛው ፊሽካ ይልቅ ጎልቶ የሰማሁት ከመስመሩ ውጭ የቆመውን ሰው ምክር ነው። አንዳንዱ ከቅንነት ነው፣ አንዳንዱ ፌዝ ነው፣ አብዛኛው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ልጅ ከሜዳ ያስቀራል።

«ማህፀኗ ይጎዳል፣ ኋላ አትወልድም»

አንዲት እማማ የልጅ ልጃቸው ጨዋታ አያመልጣቸውም። በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ጃንጥላቸውን ይዘረጋሉ፣ ኳስ የልጅቷን ሆድ በነካ ቁጥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እኔ ኳሱን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ይቺ ልጅ ነገ ትዳር ትይዛለች። ማህፀኗ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?»

«እማማ፣ ማህፀን እኮ ዳሌ አጥንት መሃል ተሸሽጎ ነው ያለው። መጠኑም ከጭብጥ አይበልጥም። እንደሱ ከሆነስ የሚያሰጋው የወንዶቹ ነው፤ ውጭ ያለው የእነሱ!»

ነጠላቸውን እንደያዙ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቀጥዬ ደራርቱ ቱሉን አነሳሁላቸው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች፣ ወለደች፣ ከዚያ በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት ደግማ አሸነፈች። በ2009 የኒውዮርክን ማራቶን ስታሸንፍም የልጆች እናት ነበረች።

ይህ ፍርሃት የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1920 ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ዲክ ኬር የሚባለው የሴቶች ቡድን ሲጫወት ለማየት 53,000 ሰው ስታዲየም ገብቶ ነበር። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ በክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ አካላቸው አይችለውም የሚሉ ሐኪሞችም አልጠፉም። እገዳው ለ50 ዓመት ያህል ቆየ። ስለዚህ «የሴቶች ኳስ የትናንት ፋሽን ነው» የሚሉኝ ሰዎች እዚሁ ላይ መልሳቸውን ያገኛሉ፤ አዲስ የመሰለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለተቀበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቻይና ላይ የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሲካሄድ እንኳ ጨዋታው 90 ሳይሆን 80 ደቂቃ ነበር። የቀረውን 10 ደቂቃ አይችሉትም ተብሎ እንደሆነ እንጃ፤ እኔን ግን ያስቀኛል።

በሹክሹክታ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው፦ ድንግልና። እናቶች በስሙ አይጠሩትም፤ «ያ እግር ማንሳቱ…» ይሉና ዝም ይላሉ። እኔ ዝም አልልም። ድንግልና የሚባለው ስስ ሽፋን ቅርጹም ውፍረቱም ከሰው ሰው ይለያያል፣ በመመልከትም ሆነ በመዳሰስ አንዲት ልጅ ግንኙነት አድርጋ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ እንዲቆም ጥሪ ያቀረበው ሳይንሳዊ መሠረት ስለሌለው፣ በልጆቹም ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። ኳስ የሚያስጥል ምክንያት እዚህ ውስጥ የለም።

«የወር አበባዋ ከመጣ ትቀመጥ»

ካመማት ትቀመጥ፣ ካላመማት ትጫወት። እንቅስቃሴው ቁርጠቱን የሚያቀልላቸው ልጆችም አሉ። ችግሩ ሰውነቷ ላይ ሳይሆን ልብሷ ላይ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በስጦታ ያገኘነው ቁምጣ ነጭ ነበር። ሦስት ጎበዝ ልጆች በየወሩ አንድ አንድ ጨዋታ ይቀሩብናል፤ «ሆዴን አሞኝ ነው»፣ «እንግዳ መጥቶብን ነው»። አንዷን ሸሚዝ ስታጥፍ አግኝቼ ቀስ ብዬ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ ቁምጣውን ብቻ አሳየችኝ። ጥቁር ቁምጣ ተገዛ፣ መቅረቱም ቆመ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሴቶችም እ.ኤ.አ. በ2023 ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ የቀየሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እኛ ቀድመናቸው ነበር ብል ግን ጉራ ይሆንብኛል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ። የወር አበባዋ ለወራት የጠፋባትን ልጅ «ስፖርተኛ ስለሆንሽ ነው፣ ያለ ነው» ማለት። ያለ አይደለም። ብዙ ጊዜ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ማነሱን ያመለክታል፤ ሐኪም ልታይ ይገባል። ዝለት የሚያበዛውን የደም ማነስ በተመለከተ ለእናቶች የምለው አንድ ትንሽ ነገር አለ፦ ሻይውን ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብላ ትጠጣ፤ ሻይ ከምግብ ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት ይቀንሳል።

«በዝናብ ከተጫወተች ብርድ ይገባታል»

በማህፀን የሚገባ ብርድ የሚባል በሽታ የለም። ጉንፋንም የሚመጣው ከቫይረስ ነው። እርጥብ ማልያ ለብሶ መቀመጥ ግን ጥሩ ስላልሆነ ደረቅ ሹራብ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እናስገድዳለን፤ ይኸው ነው።

የክረምቱ እውነተኛ አደጋ ከላይ ነው፦ መብረቅ። ሰው ዝናቡን ይፈራና ነጎድጓዱን ይንቃል። ዝናቡ በረታ ተብሎ ሁሉም ወደ ባሕር ዛፉ ሥር ሲሮጥ ማየት ያስደነግጠኛል፤ ሜዳው ላይ ካለው ሁሉ መጥፎው መጠለያ እሱ ነው። ደንባችን አጭር ናት። ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ይቆማል፣ ልጆቹ ወደ ግንብ ቤት ወይም በሩ ወደተዘጋ መኪና ይገባሉ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳያልፍ ማንም አይመለስም። በዚህ የተነሳ አንድ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ በማግስቱ ተጫውተን ተሸነፍን። አንድ አባት «ትናንት ብናልቅ እናሸንፍ ነበር» ብለው አኩርፈውኛል። ያኩርፉ።

«ሴት ልጅ ጉልበቷ ደካማ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አላጣጥለውም። በጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው ጅማት መበጠስ በእድሜያቸው ካሉ ወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በርከት ብሎ ይታያል፣ በተለይ ከጉርምስና በኋላ። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይነካቸውም። ሲዘሉ አርፈው፣ ወይም በሩጫ ላይ ሳሉ ድንገት ዞረው ነው የሚጎዱት። ከዚህ ተነስቶ «ይተዉት» ማለት ግን ስህተት ነው፤ መከላከል የሚቻል ነገር ነዋ።

ስዊድን ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ 4,564 ሴት ተጫዋቾች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። በ230 ክለቦች ውስጥ ግማሾቹ እንደ ወትሯቸው ቀጠሉ፤ ሌሎቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ ሠሩ። ማሟሟቂያውን በሠሩት ላይ የዚያ ጅማት ጉዳት በ64 በመቶ ቀነሰ። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በአንድ እግር ቆሞ ዝቅ ማለት፣ በሁለት እግር ዝቅ ማለት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ ሰፊ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ መንበርከክ፣ ዘሎ ማረፍ። ስድስት ናቸው።

ዋናው የመጨረሻው ነው። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ፊት ለፊት አቆማቸዋለሁ። አንዷ ትዘላለች፣ ሌላዋ የምታየው ኳስ ሳይሆን የጓደኛዋን ጉልበት ነው፤ ስታርፍ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተሳሳሙ «ተሳመ!» ብላ ትጮሃለች። ጉልበት ከእግር ጣት አቅጣጫ መውጣት የለበትም። መጀመሪያ ላይ ሜዳው በ«ተሳመ» ይሞላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ይጠፋል። በሜዳው ዙሪያ ሦስት ዙር አስሮጦ «አሟሟቅን» የሚለው አሰልጣኝ ይህን አንድ ቀን ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

«በልምምድ መሃል ውሃ ያከብዳል»

አያከብድም። ይህ የድሮ አሰልጣኞች ቅጣት እንጂ እውቀት አይደለም። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። የክረምት አየር ስለሚቀዘቅዝ ጥማቱ አይታወቅም እንጂ ላቡ አልቀረም። ከጨዋታ በፊት ደግሞ በሶ ወይም ዳቦ፤ ከባድ ምግብ ሳይሆን። በፍልሰታ ሁለት ሳምንት ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ የማይቀምሱ ልጆች አሉን። ጾማቸውን አንነካም፤ ጠዋት አናሰልፋቸውም፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ እንዲደረግልን አዘጋጆቹን እንለምናለን።

«በሂጃብ መጫወት ክልክል ነው»

ነበር፤ አሁን አይደለም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዷል። በ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና በሂጃብ ተሰልፋ ቡድኗ ደቡብ ኮሪያን 1 ለ 0 አሸንፏል። መርፌ ቁልፍ ብቻ አይሁን፤ ሊወጋ ይችላል። ይህን የማያውቅ ዳኛ ስለሚያጋጥም ቀድሜ ሄጄ እነግረዋለሁ።

«ይቺማ 12 ዓመቷ አይደለም!»

ረጅም ልጅ ያለችበት ቡድን ሁሉ ይህን ይሰማል። ሴቶች ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሚመዘዙት፤ ብዙዎቹ 12 ዓመት ገደማ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ እናታቸውን ይደርሳሉ። የእኛዋ በረኛ ቁመቷ እያሳፈራት ጎብጣ መሄድ ጀምራ ነበር። ከጉርምስና በፊት ደግሞ በሴትና በወንድ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ትንንሾቹን ከወንዶች ጋር ቀላቅለን እናለማምዳለን። የሚያጉረመርሙት የወንዶቹ አባቶች ናቸው፤ ያውም ልጃቸው ሲታለፍ።

«መጨረሻው የት ሊደርስ?»

ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ ስዊድንና ማልታ ተጫውታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ፈርማለች። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ የንግድ ባንክ ሴቶች አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ተሰልፈዋል። ተጫዋች ሳይኮንም ሜዳ ላይ ይደረሳል፤ ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2019ም የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ነበረች፣ በትምህርቷም ፋርማሲስት ናት። ግን ለወላጅ ይህን ቃል አልገባም። ከ20 ልጆች አንዷም እዚያ ላትደርስ ትችላለች፤ የቀሩት 19ኙም ክረምታቸውን ያለ ጥቅም አላሳለፉም።

«ሴቶች ሲያድጉ ራሳቸው ይሰለቻሉ»

ይህን እኔም አምኜው ነበር። 14 ዓመት ሲሞላቸው አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ፍላጎታቸው ቀዝቅዞ መሰለኝ። ባለፈው ክረምት ከጠፉት ሰባት ልጆች ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዷም ሰለቸኝ አላለችም። ልምምዳችን 11 ሰዓት ላይ ነበር፤ ሲያልቅ ይመሻል፣ መንገዱ ያስፈራል፣ ቤት ውስጥም ራት የሚሠራበት ሰዓት ነው፤ ወንድማቸውን ግን በዚያ ሰዓት ማንም ወጥ አማስል አይለውም። የወንዶቹ ቡድን የጠዋቱን ሜዳ ይዞ ስለነበር ለመለዋወጥ ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። በመጨረሻ ጠዋት 2 ሰዓት ተሰጠን።

ከሰባቱ አምስቱ ተመለሱ። ከእነሱ አንዷ እናቷ ሥራ ስለምትውል ትንሽ ወንድሟን አዝላ ነው የምትመጣው፤ እሷ ስትጫወት በጃንጥላቸው ሥር የሚይዙላት እኚያው እማማ ናቸው።