ሲትጄስ አጠገብ የቤተሰብ ቪላ መከራየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤተሰባችን እንደ ብዙዎቹ ተበታትኖ ነው የሚኖረው። እኔ ጀርመን፣ እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ፣ እማዬ አዲስ አበባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁላችንም የምንገናኝበት ቦታ ስንፈልግ ሲትጄስን መረጥን። ከባርሴሎና በስተደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሜዲትራኒያን ዳር የተቀመጠች፣ በስፔን የካታሎኒያ ክልል ያለች ከተማ ናት። አሥር ሆነን፣ ከአሥሩ አራቱ ልጆች፣ መዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ለአንድ ሳምንት ተከራየን።

ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ወቅት ሲቃረብ ዘመድ አዝማድ ይደውላል። «ቤቱን እንዴት አገኛችሁት? እኛም እናስብበት ይሆን?» ይሉኛል። ስናወራ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ግምቶች አሉ። አንዳንዶቹ የእኛም ነበሩ፤ ከፍለንባቸዋል።

«ማስታወቂያው ሲትጄስ ካለ ቤቱ ያለው ሲትጄስ ነው»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሲትጄስ ፊቷ ባሕር፣ ጀርባዋ የጋራፍ ተራራ ነው። አሮጌው ከተማ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘዋል። አምስት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ግቢና ገንዳ ያለው ቪላ እዚያ መሃል ማግኘት ከባድ ነው። ቪላዎቹ በብዛት ያሉት እንደ ቫልፒኔዳ እና ኪንት ማር ባሉ የዳር ሰፈሮች ነው። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ማዘጋጃ ቤት ሥር ባሉት በሳንት ፔሬ ዴ ሪቤስ፣ በኦሊቬላ ወይም በካኜዬስ ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁሉም «ሲትጄስ» ይባላሉ፤ ስሙ ነው የሚሸጠው።

የእኛ ቤት «ከባሕር 10 ደቂቃ» ይል ነበር። እውነት ነው፣ መኪና ካላችሁ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነና መኪና ማቆሚያ ፍለጋው ካልተቆጠረ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ከቤቱ ደጃፍ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ መመለሻው ያው ዳገት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ባሕሩን ያየችው ከሰገነት ሆና ነው። የሚነዳላት ሰው መጠበቅ ነበረባት፤ እሷ ደግሞ ሰው ማስቸገር አትወድም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመንገዱን ስም ጠይቁ። ስልካችሁ ካርታ ላይ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነና ዳገቱን ተመልከቱ። ከግቢው በር እስከ ቤቱ ስንት ደረጃ እንዳለ፣ ምድር ቤት ላይ መኝታና መታጠቢያ መኖሩን ጠይቁ። እንደ እኔ ከሆነ፣ አብሯችሁ አዛውንት ካለ ገንዳው ቢቀር ይሻላል። ከተማው ውስጥ አነስ ያለ ቤት ያዙ። ሁላችሁም ወጣትና ልጆች ከሆናችሁ ተራራው ላይ ያለው ቤት ጥሩ ነው፤ ጸጥታውና አየሩ ደስ ይላል።

መኪናን በተመለከተ፣ ከተማው ውስጥ ካደራችሁ አያስፈልግም። አር 2 ሱድ የሚባለው ባቡር ከባርሴሎና ሳንትስ ጣቢያ በ40 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል። ኦሊቬላ ግን ባቡር የለም። በመኪና ከመጣችሁ ሲ 32 አውራ ጎዳና በዋሻዎቹ በኩል ፈጣን ነው፤ ግን ያስከፍላል። ሲ 31 ነፃ ነው፤ ባሕሩን ይዞ ይጠማዘዛል። ከኋላ ወንበር ልጅ ካለ ፌስታል አዘጋጁ።

«ግሪን ካርድ ካለ ቪዛ አያስፈልግም»

ይህን ስህተት የከፈለበት የእህቴ ባል ነው። እህቴ የአሜሪካ ፓስፖርት አላት፤ እሱ በወቅቱ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበረው። የአሜሪካ ዜጋ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። ግሪን ካርድ ግን ፓስፖርት አይደለም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው አሜሪካም ይኑር እንግሊዝ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ስፔንና ጀርመንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጋሩትን ቪዛ፣ ማውጣት አለበት። ይህን ያወቅነው ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀጠሮ አልተገኘም። አሥራ አንደኛው ሰው ሳይመጣ ቀረ።

በአንጻሩ እንደ ጀርመን ባለ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በፈቃዱና በፓስፖርቱ ስፔን ገብቶ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል።

ከአዲስ አበባ ለምትጋብዟቸው ወላጆች ሁለት ነገር ልብ በሉ። ማመልከቻው የሚገባው ከጉዞው ከ6 ወር እስከ 15 ቀን በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ቀጠሮ ስለሚጨናነቅ ቀደም በሉ። ሌላው፣ ማመልከቻው የሚገባው ረጅሙን ጊዜ ለሚያሳልፉበት አገር ነው። እማዬ ጀርመን እኔ ጋ ሦስት ሳምንት፣ ስፔን አንድ ሳምንት ስለነበራት ያመለከተችው ለጀርመን ነው። የቪላውን ውል ከማመልከቻው ጋር አያይዘናል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ግን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቤት ያዙ።

«ፓስፖርት ፎቶ ላኩ የሚል አከራይ አጭበርባሪ ነው»

ስጋቱ ይገባኛል። ግን በስፔን ሕግ አከራዩ እንግዶቹን መዝግቦ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ካታሎኒያ ውስጥ ይህ የሚደርሰው ለሞሶስ ደስኳድራ፣ ማለትም ለካታሎኒያ ክልል ፖሊስ ነው። የሚያሳስበው ጭራሽ ስም የማይጠይቀው ነው።

ማጣራት የሚገባችሁ ሌላ ነገር ነው። ካታሎኒያ ውስጥ ለቱሪስት የሚከራይ ቤት የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በባርሴሎና ግዛት፣ ሲትጄስንም ጨምሮ፣ ቁጥሩ ኤች ዩ ቲ ቢ (HUTB) በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ማስታወቂያው ላይ ከሌለ ጠይቁ። ደግሞም ከተገናኛችሁበት ድረ ገጽ ውጭ «በባንክ በቀጥታ ላኩልኝ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ» ካላችሁ ተዉት።

«የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ነው»

አይደለም። የጽዳት ክፍያ አለ። ሲገባ የሚያዝ ሲወጣ የሚመለስ ማስያዣ አለ። አንሶላና ፎጣ ለብቻ የሚያስከፍሉ አሉ። በተጨማሪ የቱሪስት ግብር አለ፤ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በአዳር ይከፍላል፣ የሚቆጠረው እስከ 7 አዳር ድረስ ነው። ጠቅላላውን ለአዋቂዎቹ አካፍላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በመጨረሻው ቀን ሻንጣ ተዘግቶ ስለ ገንዘብ መነጋገር ዘመድ ያቀያይማል። ቤቱን ስትረከቡም ስትመልሱም በቪዲዮ ቅረጹት።

«ገንዳ ካለ ልጆቹ ራሳቸውን ያጫውታሉ»

እዚህ ላይ ቆጣ ማለቴን ይቅር በሉኝ። የግል ገንዳ ጠባቂ የለውም። አጥር ይኖረዋል ብላችሁም አትተማመኑ። ውኃ የሚወስደው ልጅ አይጮኽም፤ ፊልም ላይ እንደምናየው እጁን አያወዛውዝም። ጸጥ ብሎ ነው የሚሰምጠው፣ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ።

አደጋው የሚበዛው ሁላችንም ባለንበት ሰዓት ነው። አሥር ሰው ግቢ ውስጥ ሲኖር እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ ያስባል። እኛ ተራ አወጣን። ተረኛው ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጥና ገንዳው ዳር ይቀመጣል፤ በግማሽ ሰዓቱ «ተረከብ» ብሎ በስም ጠርቶ ያስረክባል። ቡና እየተጠጣም ቢሆን ተረኛው አይነሳም። የመጀመሪያ ቀን ሳቁብን፤ በሁለተኛው ቀን የአምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከጠርዙ ተንሸራቶ ገባ። ተረኛው ወዲያው አወጣው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

«ወጥ ቤት ካለ እንደ ቤታችን እናበስላለን»

በአብዛኛው ይቻላል፤ ጥቂት ነገር እስካወቃችሁ ድረስ። እህቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ከአሜሪካ ተሸክማ መጣች። የአሜሪካ ምጣድ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ስፔን 230 ቮልት ነው። የሶኬት ማገናኛ ቅርጹን እንጂ ኃይሉን አይቀይርም። ምጣዱ በዚያው ተቃጠለ። የበላነው እኔ ከጀርመን ይዤ የሄድኩትን እንጀራ ነው።

የሸክላ ጀበናም ኢንዳክሽን በሚባለው፣ የብረት ዕቃ ብቻ በሚያሞቀው ምድጃ ላይ አይሠራም፤ ምድጃው የምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ከሰል አቀጣጥሎ ግቢ ውስጥ ቡና ማፍላት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ጋራፍ ደረቅ የጥድና የቁጥቋጦ ተራራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1994 ክፉኛ ተቃጥሏል። ካታሎኒያ ውስጥ ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 15 ከጫካ በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ ያለ ፈቃድ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቅቤና ቋንጣ አያምጣ። ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት አይፈቀድም። በርበሬና ሽሮ ክልከላው ውስጥ የሉም።

«ምርጡ ጊዜ ኦገስት ነው»

ኦገስት ውዱና ጭንቅንቁ የበዛበት ነው። ብዙ ቪላ ያኔ ከሙሉ ሳምንት በታች አይከራይም። ባሕሩ ሴፕቴምበርም ሞቃት ነው፤ የትምህርት ቤት ልጅ ከሌላችሁ እሱን ምረጡ።

ኦገስት የግድ ከሆነ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የከተማዋ ትልቁ በዓል የቅዱስ በርተሎሜዎስ ነው፤ ኦገስት 23 ማታ ርችት፣ ኦገስት 24 ዋናው ቀን። የፍልሰታ ጾም የሚፈታው ኦገስት 22 ነው። ጿሚ ቤተሰብ በዓሉን ፈስኮ ይጠብቀዋል።

«ሲትጄስ የጭፈራ ከተማ ናት፣ ለቤተሰብ አትሆንም»

ጭፈራው አለ፣ በተለይ በካርኒቫል ሰሞን። ከተማዋ ግን ከዚያ የሰፋች ናት። ወደ ኩባ ሄደው ሀብት ይዘው የተመለሱ ሰዎች የሠሯቸው ትልልቅ ቤቶች አሁንም ቆመዋል። የባካርዲ ሩም መጠጥ ኩባንያ መሥራች ፋኩንዶ ባካርዲ እ.ኤ.አ. በ1814 የተወለደው እዚሁ ነው። ሠዓሊው ሳንቲያጎ ሩሲኞል የዓሣ አጥማጆች ቤት ገዝቶ ካው ፌራት ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የቀድሞ ዘመን ሠዓሊ የሆነውን የኤል ግሬኮን ሁለት ሥዕሎች ከፓሪስ ገዝቶ ሲያመጣ፣ ልክ እንደ ታቦት በሰልፍ ታጅበው ነው ከተማዋን ያቋረጡት።

በአራተኛው ቀን ለእማዬ ታክሲ ጠራን። ባሕሩ ዳር ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቀስ ብለን ሄደን ካው ፌራት ገባን። ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱ ቅዱስ ጴጥሮስ ሲያለቅስ ያሳያል። ማንም ሳይነግራት አወቀችው። «ዶሮ ከጮኸ በኋላ ነው ይሄ» አለች፤ ወንበር አምጡልኝ ብላ ፊቱ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ብር በተከራየነው ገንዳ ውስጥ እግሯን አልነከረችም። ዛሬ ስለ ሲትጄስ ስትጠየቅ የምታወራው ስለዚያ ጴጥሮስ ነው።