ፋይል የሚያልቀው የት ላይ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ ኮምፒውተሩ ፋይሉ ማለቁን በምን ያውቃል? የተለመዱት መልሶች አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተቱም ውሎ አድሮ የሰው መረጃ ይቆርጣል።

«በእያንዳንዱ ፋይል መጨረሻ ላይ የማብቂያ ምልክት ተጽፏል።»

አልተጻፈም። በሊኑክስም ሆነ በዊንዶውስ የፋይሉ ርዝመት በባይት ተቆጥሮ የሚቀመጠው ከይዘቱ ውጭ፣ በፋይል ሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ ነው። «ሰላም» የሚለውን ቃል ብቻ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ስልት ነው) ብታስቀምጡ ፋይሉ 9 ባይት ይሆናል፤ ለአንድ ፊደል 3 ባይት ማለት ነው። አሥረኛ ባይት የለም። ፕሮግራሙ ዘጠኙን ከወሰደ በኋላ «ጨምርልኝ» ሲል ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 0 ባይት ይሰጠዋል። ማብቂያ የሚባለው ይህ ባዶ መልስ ነው።

እምነቱ ግን መነሻ አለው። በ1970ዎቹ የተሠራው ሲፒ/ኤም የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፋይልን ርዝመት የሚመዘግበው በ128 ባይት ጥቅል ስለነበር፣ ጽሑፉ ጥቅሉ ሳይሞላ ካለቀ ቦታውን የሚጠቁም ባይት ያስፈልገው ነበር፤ ለዚህም ቁጥር 26፣ ማለትም ኮንትሮል-ዚ፣ ተመረጠ። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ኤምኤስ-ዶስ ርዝመቱን በትክክል በባይት ቢመዘግብም ልማዱን ወረሰ፤ ዊንዶውስም ከእርሱ ተቀበለ። ዛሬም በዊንዶውስ ላይ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ፋይልን በተራ የጽሑፍ ስልት ከከፈተ፣ 26 ሲያጋጥመው ንባቡን ያቆማል።

ይህ ጉዳይ አማርኛ ጸሐፊን በቀጥታ ይነካል። «ሚ» በሌላው የፊደል አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ-16፣ ስትጻፍ ሁለት ባይት ናት፦ 26 እና 18፤ በዊንዶውስ በተለመደው አቀማመጥ ደግሞ 26 ይቀድማል። እንግዲህ የወራቱን ስም ከመስከረም ጀምራችሁ በዚህ አጻጻፍ አስቀምጡና ፋይሉን በተባለው ስልት ክፈቱት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ መጋቢት ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ያበቃል። ከሚያዝያ እስከ ጳጉሜን ያሉት ፋይሉ ውስጥ እያሉ አይነበቡም፤ አንድም የስሕተት መልእክት አይታይም። እንዲህ ያለውን ፋይል በባይነሪ ስልት (ባይቶቹን እንዳሉ በሚያነበው) መክፈት ግድ ነው።

«ኮንትሮል-ዲ የማብቂያ ፊደል ይልካል።»

በዩኒክስና በሊኑክስ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ኮንትሮል-ዲ፣ ማለትም የኮንትሮልና የዲ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ፣ ፕሮግራሙ ዘንድ አይደርስም። መካከል ላይ ያለው የተርሚናል ሾፌር ይይዘዋል፤ ትርጉሙም «እስካሁን የተጻፈውን አሳልፍ» ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ የሚያልፈው 0 ባይት ስለሆነ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ይቆጥረዋል። የጻፉለትን መልሶ የሚያሳየውን ካት የተባለውን ትእዛዝ አስነሡና አንድ ቃል ጽፋችሁ፣ ወደ አዲስ መስመር ሳትወርዱ ኮንትሮል-ዲ ተጫኑ። ቃሉ ተደግሞ ይታያል እንጂ ፕሮግራሙ አይዘጋም። የሚዘጋው ሁለተኛ ጊዜ ስትጫኑ ነው።

«ላኪው ዝም ካለ አልቋል ማለት ነው።»

ዝምታ ማብቂያ አይደለም። ሁለት ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ ፓይፕ አለቀ የሚባለው የመጻፊያው በኩል በያዙት ሁሉ ሲዘጋ ነው። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ቀን አጥቻለሁ፦ ጸሐፊው ሥራውን ጨርሶ ወጥቷል፣ አንባቢው ግን እንደ ቆመ ነው። ለካስ አንባቢው ራሱ ሲፈጠር የወረሰውን የመጻፊያ ጫፍ ሳይዘጋ፣ ራሱን በራሱ እየጠበቀ ነበር።

በኔትወርክም እንዲሁ ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ግንኙነቱን በሥርዓት ከዘጋ 0 ባይት ይደርሳችኋል። መብራት ድንገት ከጠፋበት ግን የስንብት መልእክት የሚልክ የለም፤ ተቀባዩም ይጠብቃል። ሊኑክስ «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ዘዴ አለው፤ ፕሮግራሙ ካላዘዘው ግን አይሠራም፤ ቢታዘዝም ጥያቄውን የሚጀምረው ካልተቀየረ በቀር ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ የጥበቃ ገደብ ራሳችሁ አብጁለት።

«መጀመሪያ ፋይሉ ማለቁን ጠይቅ፣ ከዚያ አንብብ።»

ይህን በማስተማሪያ ጽሑፎች ሳይቀር ሳየው ያሳዝነኛል። በሲ ቋንቋ የማብቂያው ምልክት የሚነሣው አንድ ንባብ ሞክሮ ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ ነው። የስም ዝርዝርን በዙር (ሉፕ) አንድ በአንድ እያነበበ የሚያትም ፕሮግራም አስቡ፤ የመጨረሻው ስም ሲነበብ ምልክቱ ገና ስላልተነሣ ዙሩ አንድ ጊዜ ይደገማል፤ ንባቡም ምንም ሳያመጣ የቀድሞው ስም እንደገና ይታተማል። በ40 ተማሪዎች ዝርዝር ላይ 41 ስም ይወጣል፤ የመጨረሻው ተማሪ ሁለት ጊዜ ተጽፎ።