ጽዋና ጥቅል፦ የራስ ተፈሪያን የጋንጃ አጫጫስ ልማድ

በራስ ተፈሪያን ዘንድ «ቅዱሱ ቅጠል» የሚባለው ጋንጃ (ካናቢስ) በዋናነት በሁለት መንገድ ይጨሳል። አንደኛው «ቻሊስ» ማለትም ጽዋ የሚሉት የውኃ ማጨሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ስፕሊፍ» የሚባለውና አንደኛው ጫፉ ሰፋ ብሎ የሚጠቀለለው ትልቅ ጥቅል ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስነው የግል ፍላጎት ብቻ አይደለም። ሰው የተሰበሰበው ለጸሎትና ለውይይት ነው ወይስ ለጨዋታ፣ ቅጠሉ ከትንባሆ ጋር ይቀላቀላል ወይስ ለብቻው ይሆናል፣ አጫሹስ ከየትኛው የእምነቱ ቤት (ቅርንጫፍ) ነው የሚሉት ሁሉ በምርጫው ውስጥ ይገባሉ።

ልማዱ ወደ ጃማይካ የገባው ከሕንድ ነው። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት የመጡ ሕንዳውያን ተክሉን፣ ስሙንና «ቺለም» የሚባለውን ማጨሻ ይዘው መጡ፤ ከእነርሱ ጎን ይኖሩ የነበሩ ጥቁር ገበሬዎችም ልማዱን ተቀበሉ። የራስ ተፈሪያን እምነት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲነሣ ቅጠሉ በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ የተለመደ ነበር። ከእምነቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሊዮናርድ ሃውል በ1940 እ.ኤ.አ. በፒናክል ኮረብታ ባቋቋመው መንደር ጋንጃ ይመረት ስለነበር፣ ፖሊስ ደጋግሞ ወረራ ፈጽሞበታል። አማኞቹ ለአጠቃቀሙ ከሚጠቅሷቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ዘፍጥረት 1፥29 እና መዝሙር 104፥14 ይገኙበታል፤ መዝሙሩ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አቆጣጠር 103ኛው ነው።

የጽዋው አካል የኮኮናት ቅርፊት፣ ቀርከሃ ወይም የከብት ቀንድ ሲሆን፣ እስከ ግማሹ ውኃ ይሞላል። ከላይ የሚገባው ቱቦ ጫፉ ውኃው ውስጥ ይጠልቃል፤ አናቱ ላይ ደግሞ «ከቺ» የሚባለው ትንሽ የሸክላ ማቃጠያ ይቀመጣል። በማቃጠያው ግርጌ አንዲት ጠጠር ትደረጋለች፤ ጠጠሯ አየር ታሳልፋለች እንጂ ቅጠሉ ወደ ታች እንዲወርድ አትፈቅድም። ቅጠሉ ከግንጣዩና ከፍሬው ተለይቶ በእንጨት መክተፊያ ላይ በቢላዋ ይደቃል። አሠራሩን ያየ ኢትዮጵያዊ በቅል የሚሠራውን ጋያ ማስታወሱ አይቀርም። መመሳሰሉም ከላይ ከላይ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ከሚገኝ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ካሉበት ከተማ ጋር አይምታታ) በቁፋሮ የወጡ የሸክላ ማጨሻዎች የካናቢስ ቅሪት እንደተገኘባቸው በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል፤ ጥናቱ ዕቃዎቹን በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን መካከል ያስቀምጣቸዋል።

ጽዋ የማኅበር ዕቃ ነው። «ሪዝኒንግ» በሚሉት የውይይት ጉባኤ ላይ እሳት ከመለኮሱ በፊት ወንዶቹ ቆባቸውን አውልቀው ይጸልያሉ፤ ከዚያም ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ወሬው ስለ መጽሐፍ፣ ስለ አፍሪካና ስለ ፖለቲካ ይቀጥላል። በቀደሙት ቤቶች ሴቶች ከዚህ ክበብ ይገለሉ ነበር፤ ይህም በእንቅስቃሴው ውስጥ ራሱ ትችት ያስነሣ ጉዳይ ነው።

ጥቅል ግን የአንድ ሰው ነው። ወረቀት በማይገኝበት ገጠር የበቆሎ እሸት የሚሸፈንበት ደረቅ ቅጠል ለመጠቅለያነት ያገለግል ነበር። ብዙ ወጣቶች «ግራባ» የሚባለውን ያልተቀነባበረ የትንባሆ ቅጠል ይቀላቅሉበታል። «አይታል» በሚባለው የአኗኗር ሥርዓት አጥብቀው የሚኖሩ አማኞች ግን ትንባሆንና በኬሚካል የነጣ ወረቀትን ይጸየፋሉ፤ ለጽዋ የሚያደሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጭራሹን የማያጨሱ ራስ ተፈሪያንም አሉ።

ከጤና አንጻር ሲታይ ጽዋው ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ብዙ አያስኬድም። ውኃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ ሬንጁንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀረውም፤ የአንድን ዕቃ አፍ መጋራትም እንደ ሳንባ ነቀርሳ ላሉ በሽታዎች መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ትንባሆ የተቀላቀለበት ጥቅል ደግሞ የኒኮቲንን ሱስ ይጨምራል።

ጃማይካ ጋንጃን በሕግ የከለከለችው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው ሕግ እስከ ሁለት አውንስ (57 ግራም ገደማ) መያዝ በወንጀል የሚያስከስስ መሆኑ ቀርቶ በአነስተኛ መቀጫ የሚታለፍ ሆነ፤ ራስ ተፈሪያንም ለአምልኮ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደላቸው። ይህ ፈቃድ በናፈቋት ኢትዮጵያ የለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. በሰጡት የሻሸመኔ መሬት ላይ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያን የሚተዳደሩት እንደ ማንኛውም ነዋሪ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ አንቀጽ 525 አደገኛ ዕፅ ማምረትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ያስቀጣል፤ ለሃይማኖት ተብሎ የተለየ ፈቃድም አልተቀመጠም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ማጨስን አትቀበልም። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃማይካ በኋላ አቡነ ይስሐቅ በተባሉት አባት አማካይነት ብዙ ራስ ተፈሪያንን ስታጠምቅ፣ ጋንጃን የሥርዓተ አምልኮዋ አካል አላደረገችም፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ርቀው ከቀሩት መካከልም ይህንን እንደ አንድ ምክንያት የሚያነሡ አሉ።