«ባይ» ወይስ «አንቲል»?

በእንግሊዝኛ «እስከ ዓርብ» ለማለት ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን «አንቲል ፍራይዴይ» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን መልእክቱን ጭራሽ ያዛባዋል።

ቁልፉ ያለው ግሱ ላይ ነው። ድርጊቱ ሳይቋረጥ እዚያ ቀን ድረስ የሚቀጥል ከሆነ «አንቲል» ነው፤ መጠበቅ፣ መቆየት፣ መተኛት እንዲህ ናቸው። አንዴ ተፈጽሞ የሚያበቃ ከሆነና ቀኑ የመጨረሻው ገደብ ከሆነ ግን «ባይ» ነው፤ እንደ መክፈል፣ ማስረከብ፣ መድረስ። ግራ ሲገባችሁ «ቢዘገይ ዓርብ» ብላችሁ ሞክሩት። ከሄደ «ባይ» በሉ።

ለአለቃችሁ «አይ ዊል ፊኒሽ ኢት ባይ ፍራይዴይ» ካላችሁ ሥራው ረቡዕም ሊያልቅ ይችላል፤ ከዓርብ ግን አያልፍም። «አይ ዊል ወርክ ኦን ኢት አንቲል ፍራይዴይ» ስትሉ ግን እስከ ዓርብ ትሠሩበታላችሁ እንጂ ያልቃል አላላችሁም። ውል ላይ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

አሉታ ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። «አይ ዎንት ፊኒሽ አንቲል ፍራይዴይ» ማለት ከዓርብ በፊት አይጠበቅ፣ ዓርብ ግን ያልቃል ነው። «አንቲል»ን በ«ባይ» ብትቀይሩት፣ ዓርብ ደርሶም ሥራው አላለቀም ማለት ይሆናል።